ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያን በቡድን ስትጎበኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡድን ይዤ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ስሄድ መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ይሸታል አይደል?» አዎ፣ ይሸታል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ሽታውን የሚያነሳ ሰው አይኖርም። ጉብኝቱን የሚያበላሹት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ አብዛኞቹም የእኛው ጥፋቶች ናቸው።

ሁሉንም ሰው በአንዴ ማስገባት

ይሄንን እኔው ሠርቼዋለሁ። 40 ሰው አሰልፌ አየር የሚነፉት ማሽኖች አጠገብ ደረስን። የአስጎብኚው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ከፊት የቆሙት ስድስት ሰባት ሰዎች የሆነ ነገር ሰሙ፤ የኋላው ሰው ስልኩን አወጣ። ከዚያ ወዲህ በአንድ አስጎብኚ ከ12 ሰው በላይ አላስገባም። ማብራሪያውም ከመግባታችን በፊት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ እንዲሰጠን እለምናለሁ። ማሽኖቹ ጋ ስንደርስ ሥራችን ማየት ብቻ ነው።

ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት መሄድ

የዝናብ ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመሩ የሚገባ ከሆነ ጣቢያው በዚያን ቀን በጎርፍ ይጨናነቃል። ሠራተኞቹም እናንተን ለማስተናገድ ፋታ አይኖራቸውም። ደውላችሁ ቀን ቀይሩ።

ለሽርሽር እንደሚወጣ ሰው መልበስ

ብዙ ቦታ የሚረገጠው ወንፊት የሆነ ብረት ነው። ተረከዝ ይሰነቀራል፣ ነጠላ ጫማ ያንሸራትታል። የማያንሸራትት ድፍን ጫማ ይበቃል። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው አስቀድሞ ይሸፍነው።

የብረት መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ መነሳት

ይሄ ቀልድ አይደለም። አየር የሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ በአረፋ ስለተሞላ ሰውን እንደ ተራ ውሃ ደግፎ አይዝም። ዋና አዋቂም ቢሆን ሊሰምጥ ይችላል። ልጆች ካሉ ይሄንን ከሌላው ሁሉ በፊት ንገሯቸው።

አፍንጫን ማመን

«ሽታው ጠፋ፣ እንግዲህ ደህና ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ መጠኑ ሲበዛ ማሽተትን ያደነዝዛል። ከአየር ስለሚከብድም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ክዳኑ የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ አንገት ማስገባት፣ ከመስመር ወጥቶ ደረጃ መውረድ ክልክል ነው። ዝቃጩ በሚብላላበት ታንከር አካባቢ ደግሞ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ አለ። ላይተርና ሲጋራ መኪና ውስጥ ይቅሩ።

ጊዜውን ሁሉ ወንፊቱ ጋ መጨረስ

እኔን በጣም የሚያበሽቀኝ ስህተት ይሄ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ወንፊት ጨርቁን፣ እርጥብ ሶፍቱን፣ ላስቲኩን ሲያወጣ ሁሉም «ኡፍ!» እያለ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ይደክመዋል። አሸዋው የሚዘቅጥበትን ገንዳ በሩጫ ያልፋል፤ ቡናማው ገንዳ ጋ ሲደርስ ደግሞ «ይሄማ ጭቃ ነው» ይላል።

ጭቃ አይደለም። ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው። ቡናማው ነገር ቆሻሻውን የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን መንጋ ነው፤ አየር የሚነፋላቸውም እንዲተነፍሱ ነው። ዘዴውን እንግሊዛውያኑ አርደርን እና ሎኬት በ1914 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ውስጥ ያወጡት ሲሆን እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ደህና ገንዳ ቡናማ ሆኖ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። ከጠቆረና ከከረፋ ኦክስጅን አጥሮታል ማለት ነው።

ላቦራቶሪ ካለ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ላያሳዩአችሁ ይችላሉ። በቀጭን ግንድ ላይ የቆመች፣ ደወል የምትመስል ፍጥረት አለች፤ ቮርቲሴላ ትባላለች። ስትደነግጥ ግንዷ እንደ ሞላ ይጠቀለልና ወደ ታች ይስባታል። ከዚያ ቀስ ብላ ትዘረጋለች። በአፏ ዙሪያ ባሉት ጸጉሮች ውሃውን እያሽከረከረች ባክቴሪያ ትለቅማለች። ስለ ሽታው ሲያማርር የነበረ አንድ ጎረምሳ ከማይክሮስኮፑ ላይ ተጎትቶ ሲነሳ አይቻለሁ።

መውጫው ላይ ያለውን ውሃ የሚጠጣ አድርጎ ማሰብ

በብርጭቆ ሲቀዳ ኩልል ያለ ስለሆነ ያሳስታል። ጀርም ግን በዓይን አይታይም። ይሄ ጣቢያ ውሃውን ወደ ወንዝ ለመመለስ የሚያበቃ እንጂ የመጠጥ ውሃ ማምረቻ አይደለም። የመጠጥ ውሃ የራሱ ሌላ ጣቢያ አለው። ሁለቱን ለቡድኑ ቀድማችሁ ለዩለት፤ አለበለዚያ የመመለሻው መንገድ ሙሉ ክርክር ነው።

እጅን ታጥቦ ስልክን መርሳት

ግቢው ውስጥ ምንም አይበላም፣ ማስቲካም ጭምር። ሲወጣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ሳኒታይዘር ብቻውን አይበቃም፤ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስ አልኮልን ይቋቋማል። ብዙ ሰው ታጥቦ ሲያበቃ፣ መደገፊያው ላይ አስደግፎ ፎቶ ያነሳበትን ስልክ ከኪሱ ያወጣና በዚያው እጁ ብስኩት ይቀበላል። መጀመሪያ ስልኩ ይጠረግ፣ ቀጥሎ እጅ ይታጠብ፣ ብስኩቱ ከዚያ በኋላ።