ስክሪኑ በ10 ደቂቃ ድርግም እያለ ላስቸገራችሁ

ሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ ስክሪን ሴቨሩን አጥፍታችሁም ስክሪኑ ድርግም የሚል ከሆነ ላፕቶፑ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። በኤክስ 11 (X11፣ ሊኑክስ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳይበት ሥርዓት) ላይ ስክሪን የሚያጠፉት ሁለት ናቸው፦ ስክሪን ሴቨሩ እና ዲፒኤምኤስ የሚባለው ኃይል ቆጣቢ። አንዱን ስትዘጉት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ብዙ ቀን ለፍቻለሁ!

ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ ኤክስሴት (xset) የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና ክፍት ቦታ ትታችሁ "ኪው" (q) የምትለዋን ፊደል ጨምሩ። የሁለቱንም ሁኔታ በሰከንድ ያሳያችኋል፤ 600 ካያችሁ 10 ደቂቃዋ እሷ ናት። በኤክስሴት የቀየራችሁት ግን ከአካውንታችሁ ስትወጡ (ሎግ አውት ስታደርጉ) ይጠፋል፤ ስለዚህ ትእዛዙን ስትገቡ አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች ጋር አስገቡት። ላፕቶፓችሁ የሚጠቀመው በኤክስ 11 ፋንታ ዌይላንድ (Wayland) የሚባለውን አዲሱን ሥርዓት ከሆነ ኤክስሴት አይሠራም፣ በዴስክቶፑ የፓወር ሴቲንግ ሞክሩ።