ገበያው ሳይነሳ እናንሳው

ከፒያሳ አትክልት ተራ የቀረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የአክስቴ ልጅ ፎቶ ነው። አዲስ ጃኬት ለብሶ መሃል ላይ ተገትሯል። ከትከሻው ኋላ የደበዘዘ የቲማቲም ሳጥን ክምርና የአንድ አይሱዙ ግማሽ ይታያል። በቃ። እናቴን ተከትዬ ዘንቢል እየጎተትኩ ያደግኩበት ቦታ ይኸው ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር «ይመለሳል» ብለን ነበር። ከጃንሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። በ2016 ደግሞ የፒያሳ ብዙው ሰፈር ፈረሰ።

አሁን ሞባይሌን ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ እሄዳለሁ። ከቦታው ያነሳው አካል ማንም ይሁን፣ ገበያ አስቀድሞ ደውሎ አይነሳም። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራን እሳት ሲበላው ማን ጠበቀ? እናንተም የሰፈራችሁን ገበያ ፎቶ ማንሳት ካሰባችሁ፣ ተሳስቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ከኪስ አታውጡ። ግዙ። ሽንኩርት ይሁን ቃሪያ፣ የሚያስፈልጋችሁን ግዙ። ተከራከሩም፤ የተባለውን ዋጋ ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው እዚያ ያስጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ከሩቅ ዙም አድርጌ ፊት ብቻ ሳነሳ ዋልኩ። አንዲት ቆስጣ ሻጭ አየችኝና በነጠላዋ ተሸፈነች። ከዚያ በኋላ መስመሩ በሙሉ ጀርባውን ሰጠኝ። ያን ቀን ያነሳሁትን አጥፍቼዋለሁ። አሁን «ገበያ እንዴት ነው?» ብዬ እጀምራለሁ። «ለቲክቶክ ነው?» ይሉኛል። አይደለም እላለሁ፤ ያነሳሁትንም እዚያው አሳያለሁ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። መንገድ ዳር ጉሊት የዘረጉ ሴቶችን በተለይ ተጠንቀቁ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዕቃቸውን ሰብስበው ሲሮጡ ማንሳት ያጓጓል። ፊታቸው የሚታይበት ፎቶ ግን ነገ ጣጣ ሊያመጣባቸው ይችላል። እኔ ያንን አላነሳም።

ብርሃኑን በተመለከተ ትልቁ ጠላት ሸራ ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠ ሰው ሬሳ ይመስላል። ብርቱካናማው ለቲማቲም ደግ ነው፣ ጎመኑን ግን ያጠወልገዋል። በኋላ በአፕ አስተካክላለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ሸራው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ቁሙና ከውጭ የሚገባው ብርሃን ዕቃው ላይ ሲያርፍ አንሱ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ፊት ላይ ይጠቁራል፤ ያኔ ምሳ ብሉ። ፍላሽ አያስፈልግም። በርበሬ ያለበት አካባቢ ሌንሱን ቶሎ ቶሎ ጥረጉ፣ እናንተም አስነጥሱ።

ምን እናንሳ? ፊት ሁሉም ያነሳል። እኔ የምላችሁ እጅ አንሱ። በተለይ ምርቃትን። ሻጯ ኪሎውን መዝና ፌስታል ውስጥ ከገለበጠች በኋላ ገዢዋ «መርቂልኝ እንጂ» ትላለች። ሻጯ ታጉረመርማለች። ከዚያ እጇ ወደ መደቡ ሄዶ አንዲት ቲማቲም ያነሳል፣ አንዳንዴም ትንሿን መርጦ። ይህቺ ነገር ሁለት ሰከንድ አትሞላም። ሱፐርማርኬት ውስጥም የለችም፤ እዚያ ሚዛኑ ራሱ ዋጋውን አትሞ ያወጣል። ለመያዝ ስልኩን በተከታታይ እንዲያነሳ አድርጉት፤ ትኩረቱን ፌስታሉ አፍ ላይ ቆልፉና ጠብቁ። እኔ አንዷን በደንብ ለመያዝ አራት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ከሁለት ኪሎ የማያንስ ቲማቲምም ገዝቻለሁ።

መለኪያውንም አትርሱ፤ ጣሳውን፣ ስኒውን፣ የቃሪያውን መደብ። መደቡ ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ ይቆጠር ዘንድ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። ተሸካሚ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ዞር በሉ። አንድ ኩንታል የተሸከመን ሰው ለፎቶ ብሎ ማቆም ነውር ነው።

በየወሩ ደግሞ ከአንድ ቦታ አንድ ፎቶ አንሱ። እኔ የምቆመው አንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ነው። አሰልቺ ፎቶ ነው፣ ለማንም አላሳየውም። ግን የትኛው ሱቅ ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው። እዚያው ቆማችሁ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ዝም ብላችሁ። ለድምፁ ነው።

ማታ ለፎቶዎቹ ስም ስጡ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ዕቃው፣ የዕለቱ ዋጋ። ቴሌግራም ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ከዚያ ፎቶዎቹን አሳትማችሁ ለተነሱት ሰዎች ውሰዱላቸው። ለዚያች በነጠላ ለተሸፈነችው ሴት ከወራት በኋላ፣ ራሷ ፈቅዳ የተነሳችውን ወሰድኩላት። በሁለት ጣቷ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ቀና አለችና «ቆስጣዬ የታለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከደረቷ በታች ቆርጬዋለሁ። ለቅዳሜ ቀጥራኛለች።