የድሮ ስቴሪዮስኮፕ ምስሉን አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ስቴሪዮስኮፕ ካርድ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ፎቶዎችን አገጣጥሞ ጥልቀት ያለው አንድ ምስል አድርጎ የሚያሳይ መመልከቻ ነው። አሜሪካዊው ሐኪምና ጸሐፊ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1861 ገደማ የነደፈው በእጅ የሚያዝ ስቴሪዮስኮፕ ያለው ነገር ትንሽ ነው፦ ሁለት ሌንስ፣ የእንጨት ዘንግና ተንሸራታች የካርድ መያዣ። ፓተንት ስላላወጣበት ብዙ ፋብሪካዎች ሠርተውታል፤ ለዚህም ነው ዛሬም በአንቲክ ገበያ የማይጠፋው። ብልሽቱም አብዛኛው ቤት ውስጥ ይፈታል።

ምስሉ ሁለት ሆኖ ይታያል

መጀመሪያ መያዣውን ቀስ እያላችሁ ወደፊትና ወደኋላ አንሸራትቱት። ለእያንዳንዱ ሰው ዓይን የሚስማማው ርቀት ይለያያል። ካርዱ ዘንበል ብሎ ተቀምጦ እንደሆነም እዩ። አንዱ ምስል ከሌላው ትንሽ ከፍ ካለ ዓይን ይደክማል እንጂ አያገጣጥመውም።

አሁንም ካልሆነ ሌንሶቹን ጠርጥሩ። የቀድሞው ባለቤት ሊያጸዳቸው አውጥቶ አቀያይሮ መልሷቸው ይሆናል። የእነዚህ ሌንሶች ውፍረት እኩል አይደለም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ዳር ዳሩን ስትዳስሱ አንዱ ጠርዝ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን መሆኑ ይታወቃችኋል። ቀጭኑ ወደ አፍንጫ፣ ወፍራሙ ወደ ጆሮ መዞር አለበት። ከተገለበጡ የቱንም ያህል ብታፈጡ ምስሎቹ አይገናኙም።

ሩቁ ቀርቦ፣ ቅርቡ ርቆ ይታያል

መሣሪያው ጤነኛ ነው። በባለሁለት ሌንስ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ሲታተም ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ስለሚወጣ ቆርጦ ቦታ ማቀያየር ያስፈልግ ነበር። ካርዱን የለጠፈው ሰው ይህን ዘሎታል። እባካችሁ በመቀስ አትንኩት። ስካን አድርጉት፣ ኮምፒውተር ላይ አቀያይሩት፣ ኮፒውን አትማችሁ እዩ።

ጥልቀት የለውም

ከፊት የቆመ ምሰሶ ከኋላው ካለው መስኮት አንጻር በሁለቱም ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ ከሆነ፣ አንድ ፎቶ ሁለቴ ተለጥፏል ማለት ነው። መድኃኒት የለውም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ፈትሹ።

ካርዱ ጎብጧል

ጥሩ ካርድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ በጣም ያሳዝናል። ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጡ ብዙ ካርዶች፣ የኪስቶን ቪው ካምፓኒ ካርዶችን ጨምሮ፣ ሆን ተብሎ የጎበጡ ናቸው። መጽሐፍ ጭናችሁ አታቃኗቸው። የፎቶው ገጽ፣ በተለይ በእንቁላል ነጭ የተሠራው የድሮው ዓይነት፣ ይሰነጣጠቃል።

መያዣው አልንሸራተት ብሏል

እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ይሆናል። ደረቅ ቦታ ጥቂት ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ዘንጉን ሻማ ፈግፈግ አድርጉት። ዘይት አይንካው፤ እንጨቱ ይመጠዋል፣ ካርዱም ላይ ቅባት ይቀራል።