ውሻዬ በረዶ ላይ ማነከሷን እንዴት እንዳስቀረሁ

በበረዶው ወቅት ማታ ስንሮጥ ውሻዬ ድንገት ትቆምና አንድ እግሯን ታነሳለች። ደክሟት አይደለም። በግንባር ባትሪዬ መዳፏን ሳየው፣ በጣቶቿ መሃል ያለው ፀጉር ላይ በረዶ ተጋግሮ ጠጠር መስሏል። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ያቃጥላታል፤ ምስኪን!

ፀጉሩን ከመዳፏ እኩል አድርጌ በጥንቃቄ ከረከምኩት። ከመውጣታችን በፊት ቫዝሊን ስስ አድርጌ እቀባታለሁ፤ በረዶው እንደ ድሮው አይጣበቅም። ስንመለስ እግሯን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ ጣቶቿን ፈልቀቅ እያደረግኩ አደርቃለሁ። ይቺን መዝለል አይቻልም። ጨው ከቀረ ትልሰዋለች፣ ሆዷን ያማታል። የውሻ ጫማ የሚያስለምዱም አሉ፤ የኔዋ ግን ነክሳ ታወልቀዋለች። አሁን ገመዱን እየሳበች ከፊት ከፊቴ ነው የምትሮጠው።