በላፕቶፕ የሚሠራ፣ በስልክ የሚሞት በተን፦ ዋሌትና የክሪፕቶ ክፍያ ሳይት ላይ ስትገጥሙ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደንበኞቼ ውጭ አገር ናቸው። የእነሱ ቀን የእኔ ሌሊት ነው። እኔ ሐዋሳ ለጥ ብዬ ተኝቼ ስልኬ ይጮሃል። «ወንድሜ፣ ሰው መክፈል አልቻለም!» ይላል አንዱ። ድሮ ደንግጬ ነበር የምነሳው። አሁን ዓይኔን ሳልገልጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሰውየው የከፈተው በስልክ ነው በላፕቶፕ?» መልሱ ብዙ ጊዜ «በስልክ» ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. አገር ውስጥ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ እንደሆነ አሳስቧል። እኔም የምጽፈው ለውጭ ደንበኛ ሳይት ለምትሠሩ ልጆች ነው። ፒያሳ ላለ ካፌ የዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ የክሪፕቶ ገንዘብ) መቀበያ ልግጠምልህ ካላችሁት ከእኔ አልሰማችሁም።

ደግሞ ኮንሶል (ብሮውዘሩ ስህተት የሚጽፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ ቀዩን ጽሑፍ አንብባችኋል፣ ዋሌቱ (ሰው ክሪፕቶውን የሚይዝበትና ክፍያ የሚያጸድቅበት ፕሮግራም) እንዳልተቆለፈ አይታችኋል፣ ገጹን ከሰርቨር እንጂ ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ አልከፈታችሁም ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ስልክ ላይ በተኑ ምንም አይልም

ይሄ ነው የኔ እንጀራ። መጀመሪያ የገጠመኝ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሳ እየበላን ነው። ሠርቼ የጨረስኩትን ሳይት ለጓደኛዬ ላሳየው ጓጉቼ ሊንኩን በቴሌግራም ላክሁለት። ነካው። ምንም። ደግሞ ነካው። «አቦ ይሄ በተን ነው ወይስ ሥዕል?» አለኝ። አባ ኮዳው አጠገባችን ቆሞ የዓሳ አጥንት ይጠብቃል፣ እኔ ኮንሶል የሌለው ስልክ ላይ አፈጣለሁ። ዓሳው ቀዘቀዘ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ላፕቶፕ ላይ ሜታማስክ የሚባለው ዋሌት ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ነው፤ በከፈታችሁት ገጽ ውስጥ «ኢተሪየም» የሚባል ኦብጀክት ይጨምራል፣ ኮዳችሁም እሱን ነው የሚያናግረው። ስልክ ላይ ያለው ተራ ክሮም ግን ኤክስቴንሽን የለውም። ኦብጀክቱ የለም። ኮዳችሁ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል፣ ዝም ይላል። ወይም ከዚያ የባሰውን ያደርጋል፦ «ሜታማስክ የለዎትም፣ ያውርዱ» ይላል። ሰውየው ዋሌቱ ስልኩ ላይ አለ እኮ! በገዛ ስልኩ ውሸታም ተባለ። ይሄን መልእክት የሚጽፍ ሰው በስልክ አንድም ቀን አልሞከረም፣ እምላለሁ።

መፍትሄው ሁለት መንገድ ነው፣ ሁለቱንም ስጡ። አንደኛው ዋሌትኮኔክት ነው፣ ሳይታችሁን ስልክ ላይ ካለ ዋሌት ጋር የሚያገናኝ። የመጀመሪያው ቨርዥን በጁን 2023 ተዘግቷል። ከድሮ ቪዲዮ የገለበጣችሁት ኮድ እስከ ነገ ብትጠብቁ አይገናኝም፣ አትልፉ። አሁን ያለው ሁለተኛው ነው፣ ፕሮጀክት አይዲ (ስትመዘገቡ የሚሰጣችሁ መለያ) ይፈልጋል። ድርጅቱም ስሙን ሪኦውን ብሎታል፤ ዶክመንቴሽን ስትፈልጉ ስሙ ተቀይሮ ብታዩ አትደናገጡ። ሁለተኛው መንገድ ገጹን በዋሌቱ ውስጥ ባለው ብሮውዘር መክፈት ነው። እዚያ ውስጥ ኦብጀክቱ አለ፣ የላፕቶፑ ኮድ እንዳለ ይሠራል።

ዋሌትኮኔክት ገጠምኩ ብላችሁ ግን እፎይ አትበሉ። ስልክ ላይ ኪውአር ኮድ ብቻ የሚያሳይ ሳይት ስንት አይቻለሁ። ሰው የገዛ ስልኩን ስክሪን በገዛ ስልኩ ካሜራ እንዴት አድርጎ ነው ስካን የሚያደርገው? አንዷ ደንበኛ ኪውአሩን በባሏ ስልክ ፎቶ አንስታ፣ ከዚያ ፎቶውን ዋሌቷ ባለበት ስልክ ስካን አድርጋ ከፈለች። ተሳካላት። እኔ ግን በእሷ ብልሃት ሳይሆን በሠራሁት ሥራ አፈርኩ። ስልክ ከሆነ ኪውአሩን ደብቁና ዋሌቱን በቀጥታ የሚከፍት ሊንክ አሳዩ።

አሁን ቴሌግራም። እኛ አገር ሊንክ የሚላከው በቴሌግራም ነው፣ ውጭ ያለው ሐበሻም እንዲሁ። ሊንኩን ሲነኩት የሚከፈተው ብዙ ጊዜ እዚያው አፑ ውስጥ ያለ ብሮውዘር ነው፣ ክሮም አይደለም። እዚያ ውስጥ በዋሌቱ ስም የሚጀምር ሊንክ ስትጠሩ አንድሮይድ ላይ «የማይታወቅ የዩአርኤል ስኪም» የሚል ነጭ ገጽ ሊመጣ ይችላል። አብዛኛው ሰው ይሄን ሲያይ «ሳይቱ ወድቋል» ብሎ ይሄዳል፣ አይመለስም። ሁለት ነገር አድርጉ። በዋሌቱ ስም ከሚጀምረው ሊንክ ይልቅ በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምረውን የዋሌቱን ሊንክ ተጠቀሙ። ከላይ ደግሞ በግልጽ አማርኛ «ሦስቱን ነጥብ ነክተው በክሮም ይክፈቱ» ብላችሁ ጻፉ። አዎ፣ ያምራል አልልም። ግን ይሠራል።

የሚቀጥለው ሁለት ቀን በልቶብኛል። በእኔ አንድሮይድ ይከፈታል፣ በደንበኛዬ አይፎን አይከፈትም። ኮዱ አንድ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሰውየው «ክፈል» ሲል እኔ መጀመሪያ ሰርቨሩን ዋጋ እጠይቃለሁ፣ መልሱ ሲመጣ ዋሌቱን እከፍታለሁ። ሳፋሪ ግን ሌላ አፕ የሚከፍተው ንክኪው ትኩስ እያለ ነው። መሃል ላይ ሰርቨር ስትጠብቁ ንክኪው ይቀዘቅዛል፣ ሳፋሪም ሰውየው ያልጠየቀው ነገር ነው ብሎ ይዘጋዋል። ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ። እኔ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ በፈጣን ዋይፋይ ስሞክር መልሱ ቶሎ ስለሚመጣ አንዳንዴ ያልፍ ነበር፣ ያ ነው ያሞኘኝ። መፍትሄው ዋጋውንና ትዕዛዙን ገጹ ሲከፈት አዘጋጅቶ መጨረስ ነው። በተኑ ሲነካ ዋሌቱን ከመክፈት ሌላ ሥራ አይኑረው። ዝግጅቱ ካላለቀ በተኑን ግራጫ አድርጉት።

ተከፈተ እንበል። ሰውየው ዋሌቱ ውስጥ አጸደቀ፣ ወደ ብሮውዘሩ ተመለሰ፣ ገጹ አሁንም «በመጠበቅ ላይ» ይላል። ዋሌቱ ውስጥ ሳለ ስልኩ የናንተን ታብ አስተኝቶታል፣ ግንኙነቱ ተቋርጧል፣ መልሱ ሲመጣ ሰሚ አልነበረም። ገጹ ተመልሶ ሲታይ እንደገና ተገናኙና ራሳችሁ ጠይቁ፣ እስኪነግሯችሁ አትጠብቁ። ከሁሉም በላይ ግን እዚህ ጋ «ችግር ተፈጥሯል፣ እንደገና ይሞክሩ» እንዳትሉ! ሰውየው ይሞክራል። ሁለቴ ከፍሎ ያርፋል። የክሪፕቶ ክፍያ ደግሞ ወደ ኋላ የሚመልስ ባንክ የለውም፣ ከራሳችሁ ኪስ ነው የምትመልሱት።

ሰውየው በዋሌቱ ብሮውዘር ከከፈተ ሌላ ጣጣ አለ። ያ ብሮውዘር ከክሮሙ ጋር አይተዋወቅም። ሎግኢኑ የለም፣ ቅርጫቱ ባዶ ነው። ጫማ መርጦ መጥቶ ባዶ ሱቅ ያገኛል። የትዕዛዙን ቁጥር ሊንኩ ላይ አስገቡት፤ በግምት የማይገኝ ረጅም ቁጥር ይሁን እንጂ 1፣ 2፣ 3 አይሁን። የሎግኢን ቶክን ግን ሊንክ ላይ በፍጹም አታድርጉ።

ምልክት፦ ሰውየው የሚፈልገው ዋሌት ሳይሆን ሌላው ይከፈታል

ሁለት ሦስት ኤክስቴንሽን ተጭኖ ሁሉም አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ያው «ኢተሪየም» የሚባለው ኦብጀክት ላይ። ኢአይፒ 6963 የሚባለው ስታንዳርድ የመጣው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ዋሌት ራሱን ያስተዋውቃል፣ ሰውየው ይመርጣል። ላይብረሪያችሁን አድሱ፣ አለቀ።

ምልክት፦ ቁጥር ያለው ስህተት

4001 ከሆነ ሰውየው ራሱ እምቢ ብሏል። ስህተት አይደለም፣ ቀይ አታድርጉበት። ‎−32002 ከሆነ የቀደመው ጥያቄ ዋሌቱ ውስጥ መልስ እየጠበቀ ነው፤ በተኑን ሰባት ጊዜ የነካ ሰው አለ ማለት ነው። አንዴ ሲነካ በተኑን ዝጉት። 4902 ከሆነ ዋሌቱ ያንን ኔትወርክ (ገንዘቡ የሚሄድበትን ብሎክቼይን) አያውቀውም፤ መጀመሪያ እንዲጨምረው ጠይቁ። ኔትወርክ ስታስቀይሩ የኔትወርኩ መለያ ቁጥር በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) መሆኑን አትርሱ። ቢኤንቢ ቼይን 56 ነው፣ በሄክስ ግን 0x38። ፖሊጎን 137 ነው፣ በሄክስ 0x89። ተራውን 56 ልካችሁ ለምን አይቀየርም እያላችሁ ፀጉራችሁን አትንጩ።

ምልክት፦ «ተከፍሏል» ይላል፣ ገንዘቡ ግን የለም

አንድ ቀን ሌላ ሰው የሠራውን ሳይት እይልኝ ተባልኩ። ዲዛይን በ25 ዶላር ይሸጣል። ሽያጩ ሞቅ ያለ ነው፣ ዋሌቱ ግን ባዶ። ትራንዛክሽኖቹን ከፍቼ ሳያቸው ሁሉም ተሳክተዋል። መጠኑን ሳይ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፦ በአንድ ሽያጭ 0.000000000025 ዩኤስዲቲ።

ዩኤስዲቲ ኢተሪየም ላይ 6 ዴሲማል (ከነጥቡ በኋላ የሚቆጠር አሃዝ) አለው። ቢኤንቢ ቼይን ላይ ያለው ግን 18 ነው። የሠራው ልጅ 6ን ኮዱ ውስጥ ቀርቅሮ፣ በኋላ «ጋዝ (የኔትወርኩ ማስተላለፊያ ክፍያ) ይረክሳል» ብሎ ወደ ቢኤንቢ ቼይን አዛወረው። 6ን ግን አላዛወረም። ስህተቱ በተቃራኒው ቢሆን ደንበኛውን 25 ትሪሊዮን ዩኤስዲቲ ይጠይቅና «በቂ ሂሳብ የለም» ብሎ ይጮህ ነበር። የሚጮህ ስህተት ጥሩ ስህተት ነው። ይሄኛው እየሳቀ ነው የዘረፈው።

ዴሲማሉን ከቶክኑ ኮንትራት (ብሎክቼይኑ ላይ ቶክኑን ከሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ጠይቁ፣ አትገምቱ። መጠኑን እንደ ጽሑፍ ይዛችሁ ላይብረሪው ይቀይረው። በጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር አታባዙ፤ 0.1ና 0.2 ደምሮ 0.30000000000000004 የሚል ቋንቋ ላይ የሰው ገንዘብ አይቆጠርም።

ግን ጥፋቱ ዴሲማል ብቻ አይደለም። ሳይቱ ሀሽ (የትራንዛክሽኑ መለያ) ሲደርሰው ብቻ «እናመሰግናለን» ማለቱ ነው ትልቁ ጉድ። ሀሽ ደረሰኝ አይደለም። ከብሮውዘር የመጣ ነገር ሁሉ ሰው ሊቀይረው ይችላል። ሰርቨራችሁ ራሱ ወደ ኔትወርኩ ሄዶ ይይ፦ ትራንዛክሽኑ ተሳክቷል? የሄደው ወደኔ አድራሻ ነው? የቶክኑ ኮንትራት አድራሻ ትክክለኛው ነው? (ማንም ሰው «ዩኤስዲቲ» የሚል ስም ያለው ቶክን በደቂቃ ይሠራል፣ በስም አትመኑ።) መጠኑ ልክ ነው? ኔትወርኩስ? ይሄ ሀሽ ከዚህ በፊት ለሌላ ትዕዛዝ አልቀረበም? የመጨረሻዋን የሚረሳ ብዙ ነው፤ በአንድ ክፍያ አስር ዕቃ ይወሰድበታል። ኢተሪየም ላይ ክፍያው ከማይቀለበስበት ደረጃ ለመድረስ ወደ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለ25 ዶላር አታስጠብቁ፣ ለ2500 ዶላር ግን ጠብቁ።

እንዲሁም፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ፕራይቬት ኪ (ከዋሌቱ ገንዘብ የሚያስወጣውን ምስጢራዊ ቁልፍ) ሳይቱ ውስጥ አታስቀምጡ። ክፍያ ለመቀበል አድራሻ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሰርቨር ላይም አታስቀምጡ። ጊትሀብ ላይ ከወጣ በኋላ ፋይሉን ማጥፋት ዋጋ የለውም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ዋሌቱን ትታችሁ አዲስ ክፈቱ። ዋሌት የሚከፈትባቸውን አስራ ሁለት ምስጢር ቃላት ከደንበኛ የሚጠይቅ ገጽ የሚሠራ ካለ ደግሞ ከእኔ ጋር አይተዋወቅ።

ምልክት፦ 60 ዩኤስዲቲ አለው፣ «በቂ ገንዘብ የለም» ይለዋል

ጋዝ ነው። ቢኤንቢ ቼይን ላይ ጋዝ የሚከፈለው በቢኤንቢ ነው፣ ኢተሪየም ላይ በኢተር፣ ፖሊጎን ላይ በፖል። ኪሱ ውስጥ ሺህ ዶላር ይዞ ለባጃጅ ዝርዝር ብር እንዳጣ ሰው ማለት ነው። ከመክፈሉ በፊት ቀሪውን አይታችሁ «ለጋዝ ትንሽ ቢኤንቢ ያስፈልግዎታል» በሉት። ዋሌቱ የሚያወጣውን እንግሊዝኛ እንዲፈታ አትተዉት።

የቀሩት አልፎ አልፎ የሚመጡ ናቸው። ሰውየው ዋሌቱ ውስጥ «አፍጥን» ካለ ሀሹ ይቀየራል፤ የድሮውን ሀሽ ስትጠብቁ ትከርማላችሁ። ከኤክስቼንጅ (ከክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) በቀጥታ የላከ ሰው አድራሻው የራሱ አይደለም፣ በላኪ አድራሻ አትለዩት። ትሮን የሚባለው ኔትወርክ ሌላ ቤት ነው፣ አድራሻው በቲ ይጀምራል፣ የኢተሪየም ኮዳችሁ እዚያ አይሠራም። ኢተርስ ላይብረሪን (ኮዳችሁ ዋሌቱንና ብሎክቼይኑን የሚያናግርበትን) ከ5 ወደ 6 ካሳደጋችሁ በኋላ ሁሉም ከተሰበረ የክላሶቹ ስም ተቀይሮ ነው፤ ዌብ3ፕሮቫይደር የነበረው ብሮውዘርፕሮቫይደር ሆኗል፣ ፈራሚውን የሚያመጣው ፈንክሽንም አሁን አዌይት (መልሱን መጠበቅ) ይፈልጋል።