የቡና ማሽን ከአሜሪካ ከማስመጣታችሁ በፊት
ዘመድ ከአሜሪካ የቡና ማሽን ላምጣላችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ከሥሩ ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ይቅር። የእኛ መብራት 220 ነው፤ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር እገዛለሁ ብትሉም፣ ማሽኑ ውሃ ሲያፈላ ብዙ ጊዜ ከ1000 ዋት በላይ ይስባል። ያንን የሚችል ትራንስፎርመር ከባድም ውድም ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 15 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አያማልላችሁ፤ ለኤስፕሬሶ 9 ባር አካባቢ ይበቃል። በካፕሱል፣ ማለትም በትንንሽ ማሸጊያ ተፈጭቶ በታሸገ ቡና፣ የሚሠራውንማ ተዉት። የራሳችን ቡና እያለ ካፕሱል ፍለጋ መዞር ምን የሚሉት ነው? በጀቱ ጠበብ ካለ ምድጃ ላይ የምትጣደው ሞካ ፖት ትበቃለች፤ የተረፈውን ብር ጥሩ መፍጫ ግዙበት።