በድሬዳዋ የአንድ ቤተሰብ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትውስታ እንዴት ይመዘገባል?

በድሬዳዋ ከአንድ ጣሪያ ሥር በሬዲዮ ያደገች አያት፣ በቴሌቪዥን ያደገ ልጅና በስልክ የምታድግ የልጅ ልጅ አብረው የሚኖሩባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ይህን ለውጥ በጽሑፍ ማስቀረት የሚፈልግ ሰው መሣሪያዎቹን ከመቁጠር ይልቅ ማን፣ የትና ከማን ጋር ሆኖ ያዳምጥ ወይም ይመለከት እንደነበረ ቢጠይቅ የበለጠ ያገኛል። ስለዚህ «ሬዲዮ በስንት ዓመተ ምሕረት ገዛችሁ?» ብሎ መጀመር አይመከርም፤ ተጠያቂው ዓመቱን ለማስታወስ ሲታገል ወሬው ይደርቃል። ሬዲዮው የትኛው ክፍል ይቀመጥ እንደነበረ፣ መክፈትና መዝጋት ለማን ይፈቀድ እንደነበረ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ መግዣው ከማን ኪስ ይወጣ እንደነበረ፣ ጎረቤት ለዜና ሰዓት ይመጣ እንደነበረ መጠየቅ ግን አንዱ ትዝታ ሌላውን እንዲስብ ያደርጋል። ሰዓቱም ቢሆን ታስቦበት ይመረጥ፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታና የከዚራና የመጋላ ሰፈሮች ጭር ሲሉ ሰው ጋደም ብሎ ለመጫወት ጊዜ ያገኛል።

ዓመቱን ማግኘት የሚቻለው በሬዲዮ ከተሰማ ትልቅ ዜና ተነስቶ ነው። «እማማ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲያሸንፍ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነበር?» የሚል ጥያቄ ወደ ጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ይወስዳል። የንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረድ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የምሩፅ ይፍጠር የሞስኮ ድል ሐምሌ 1972 ዓ.ም.፣ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣት ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ለድሬዳዋ ሰው ደግሞ ለሌላው የማይገኝ መለያ አለ፤ የ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የአንዱ ምድብ ጨዋታዎች የተካሄዱት እዚሁ ከተማ ነበር፤ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር እዚህ ተጫውተዋል። ስታዲየም ገብቶ ያየውንና ውጤቱን በሬዲዮ የሰማውን ሰው ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ የሚነግሩን ታሪክ የተለያየ ነው።

የጣቢያ ስሞችም ዓመት ይናገራሉ። «ብስራተ ወንጌል እናዳምጥ ነበር» የሚል ሰው ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ስላለው ጊዜ እየተናገረ ነው፤ ጣቢያው በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተብሏል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት የጀመረው በመጋቢት 1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ደግሞ በመስከረም 1975 ዓ.ም. ነው። የቃና ተከታታይ ድራማ የሚነሳበት ጨዋታ ከሆነ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ነው። እነዚህን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ጽፎ መያዝ በቂ ነው፤ ተናጋሪውን በየመሐሉ ለማረም ግን አይዋሉ።

ማረም የሚመጣው በኋላ፣ ሲጻፍ ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን አበበ በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ድል ያገኘው ጥቅምት 11 ቀን፣ ማለትም ቴሌቪዥኑ ከመጀመሩ 12 ቀን ቀደም ብሎ ነበር። እንግዲህ አንድ አባት «የቶኪዮን ሩጫ በቴሌቪዥናችን በቀጥታ አይቻለሁ» ቢሉ በኋላ በፊልም ያዩት ምስል ከሬዲዮው ዜና ጋር ተቀላቅሎባቸው ሊሆን ይችላል፤ ንግግራቸው እንዳለ ይጻፍና ቀኑ ከጎኑ ይቀመጥ። በዚያ ላይ ሥርጭቱ ሲጀመር ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ብቻ ስለነበረ፣ የጣቢያውን መከፈቻ ዓመት ምስሉ ድሬዳዋ ከደረሰበት ወይም ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ከገዛበት ዓመት ጋር ማምታታት አይገባም። ከግል ቴሌቪዥን በፊት በቀበሌ አዳራሽ ወይም በጎረቤት ቤት መስኮት የታየ ቴሌቪዥን መኖሩንም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው «የመጀመሪያ ቴሌቪዥኔ» የሚለው የራሱን ሳይሆን ያንን ነው።

በዚህ ከተማ ሳይጠየቅ መታለፍ የሌለበት የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ሲነገሩ አንዱ የአዲስ አበባን ዜና፣ ሌላው ጅቡቲን ወይም ሞቃዲሾን ወይም የቢቢሲን የሶማሊኛ ዝግጅት ይፈልግ ነበር፤ የጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ ማን ያዞር እንደነበረ መጠየቅ የቤቱን ሁኔታ ይገልጣል። ሩቅ ጣቢያዎች ማታ ማታ ጥርት ብለው ይሰሙ የነበረበት ምክንያትም ቢጻፍ ጥሩ ነው። መካከለኛ ሞገድን ቀን ቀን የሚውጠው የከባቢ አየር ታችኛው ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጠፋ፣ ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ተንፀባርቆ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ይወርዳል። ኤፍ ኤም ግን እንዲህ አይጓዝም፤ የዛሬው ልጅ የከተማውን ጣቢያ በጥራት ቢሰማም የአያቱን የሌሊት ፍለጋ አያውቀውም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሶማሊያ ጦርነትም ሆነ በደርግ ዘመን የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ ለጎረቤት የማይነገር ጉዳይ ነበርና፣ ተናጋሪው ዝም ካለ አይጫኑት፤ የተናገረውንም ያለ ፈቃዱ ለሌላ አያሳዩበት።

ዕቃው ካለ ፎቶ ይነሳ፤ በተለይ የጀርባው ጽሑፍ፣ የተሠራበት አገርና የመለያ ቁጥሩ በግልጽ ይታይ። በጅቡቲ ባቡር መጣ ወይስ ከታይዋን ሰፈር ተገዛ የሚለውም ይጠየቅ። አሮጌ የአምፖል ሬዲዮ ግን ለማየት ብቻ ተብሎ ሶኬት ላይ አይሰካ፤ ውስጡ ያረጀ ካፓሲተር ሊፈነዳ ይችላል፤ የአንዳንዱ ብረት አካልም ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ከዕቃ ሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው ካሴት ነው። ከሬዲዮ የተቀዳ ዘፈንና ዜና፣ የሠርግ ድምፅ፣ ከዓረብ አገር በካሴት የተላከ መልእክት በብዙ ቤት በካርቶን ተጥሎ ይገኛል፤ የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ለክር ጠላት ነው። ቴፑ ከመሥራቱ በፊት ጭንቅላቱን በስፕሪት በነካ ጥጥ መጥረግ፣ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ትናንሽ ፕላስቲኮች ሰብሮ በስህተት ተቀድቶበት እንዳይጠፋ ማድረግ፣ ከዚያም ክሩን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አሳልፎ መመለስ ይገባል። የላላ ክር፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ በቢክ እስክሪብቶ ይጠቀለላል። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ከኮምፒውተር ድምፅ መቀበያ ጋር አገናኝቶ እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ፕሮግራም መቅዳት ይቻላል። አቋራጭ የለውም፤ 60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ሙሉ መደመጥ አለበት። መጀመሪያ ድምፁን ሳይቀንስ በሚይዘው የፋይል ዓይነት በዌቭ ተቀምጦ፣ ለዘመድ በስልክ የሚላከው ቅጂ ብቻ በኤምፒ3 ይቀነስ። ድምፁን «ለማሳመር» የበስተጀርባውን ሁካታ ማጥፋት አይገባም፤ የሬዲዮው ጩኸት፣ የሚያልፈው ባጃጅና የልጆች ድምፅ ራሳቸው ማስረጃ ናቸው።

የፋይሉ ስም የተናጋሪውን ዝምድና፣ ሰፈሩንና የተቀዳበትን ቀን ይያዝ፤ «ድምፅ 1» የሚል ስም ከአምስት ዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይናገርም። ቅጂውም ከአንድ ቤት ውጭ ይኑር። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት በወሰደ ጊዜ ከቤቶቹ ጋር አልበሙና ካሴቱም ሄዷልና፣ አንዱን ቅጂ ከወንዙ ዳር ርቆ ለሚኖር ዘመድ፣ ሌላውን ሐረር ወይም አዲስ አበባ ላለ ልጅ መላክ ያስፈልጋል።